ቀይ ቀበሮን በሞባይል፦ በባሌ ውርጭ ላይ ስንት ሜትር ጠጋ ይባላል?

«ዊንተር ሃይኪንግ» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ምስል ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ያለ አጋዘን። የእኛ ሰው ይህን አይቶ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ፈረንጆቹ ክረምት በሚሉት ወቅት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የእኛ ደጋ በጋ ላይ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ይጥላል። በባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ያው ፀሐይ ፊታችሁን ትልጣለች።

እኔ በእግር መጓዝ እወዳለሁ፤ ካሜራዬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልኬ ነው። ባለፈው በጋ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ባሌ የሄድኩት አንድ ነገር ፍለጋ ነበር፤ ቀይ ቀበሮ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ተሰምቷል።

መሄድ ለምታስቡ መጀመሪያ የምለው ይሄ ነው፤ አትቸኩሉ። የመጀመሪያዋን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ እደሩ። ዲንሾ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አለፍ ትላለች። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን እዚያ ላይ የወጣ ሰው ራሱን ቢያመው ወይም ቢያቅለሸልሸው አይገርምም። ምልክቱ ከበረታ መድኃኒቱ ጀግንነት አይደለም፣ ወደ ታች መውረድ ነው።

ዲንሾ ማደር ደግሞ በራሱ ትርፍ አለው። ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ባለው የጽድና የኮሶ ጫካ ውስጥ የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል። 10 ሳንቲም ኪሳችሁ ውስጥ ካለ አውጥታችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ ያለው እሱ ነው። ይህን የሚያህል እንስሳ የዓለም ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ዘግይቶ ማለት ነው። ለካሜራ ጀማሪ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ቆም ይላል፣ ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ካልተጠጋችሁት ግጦሹን ይቀጥላል። ከርከሮውና የምኒልክ ድኩላውም እዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ስልኩ። ብርድ ባትሪ ይበላል። ጠዋት 80 በመቶ ያሳየ ስልክ ውርጭ ላይ በድንገት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ከጃኬቱ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥቂት አቆዩት፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ዙሙን እስከ መጨረሻ አትጎትቱት። ዲጂታል ዙም ማለት ያነሳችሁትን ምስል መቁረጥ ነው፤ ቤት ገብታችሁም ልትቆርጡት ትችላላችሁ። የሚሻለው ባይኖኩላር መያዝ ነው። የስልኩን ሌንስ በአንዱ ዓይኑ ላይ በጥንቃቄ ደግፋችሁ ብታነሱ ሩቅ ያለውን እንስሳ ታቀርቡታላችሁ። መጀመሪያ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ሰዓት ከተለማመዳችሁ ግን ይዋጣል።

ቀይ ቀበሮ ለፎቶ አንሺ ደግ የሆነበት አንድ ምክንያት አለ። አብዛኞቹ የሥጋ በል ዘመዶቹ ማታ ማታ ሲያድኑ እሱ ቀን ነው የሚያድነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በተለይ ከባሌ ሌላ የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ዋና ቀለቡ ነው። ፍልፈሉ ቀን ላይ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ሣር ይሰበስባል። ዓይኖቹ ጭንቅላቱ አናት ላይ ስለሆኑ ገና ብቅ ሲል ዙሪያውን ያያል። ቀበሮው ስለዚህ በሆዱ እየተሳበ ይጠጋል፣ ከዚያ ድንጋይ ይመስል ደርቆ ይቆማል። ጆሮዎቹን ወደፊት ቀስሮ የቆመ ቀበሮ ካያችሁ ፎቶውን ተዉትና ቪዲዮ ጀምሩ። የሚሆነው ነገር ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

እኛ ሳነቴ የደረስነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጅብራው ቅጠል ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። የያዝነው አስጎብኚ የዲንሾ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። መኪናውን አስቁመው በጣታቸው አንድ ቋጥኝ አሳዩን። ከቋጥኙ ሥር ቀይ ነገር ተጋድሟል። ቆይቶ ከጎኗ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ተንቀሳቀሱ። ግልገሎች ናቸው!

ከእኛ አንዱ ለዚህ ጉዞ ከደመወዙ ለወራት ቆጥቧል። ቲክቶክ ላይ የሚከተሉት ሰዎች አሉት፤ ቃልም ገብቶላቸዋል። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ጠጋ ልበል? ከዚህ እኮ ነጥብ ነው የምትመስለው። ለአንዲት ፎቶ ብቻ።»

ጋሼ አልተቆጡም። «ልጄ፣ እናትየው አይታናለች» አሉት። «አሁን ብትጠጋ አትነክስህም፣ አትሸሽህምም ይሆናል። ማታ ግን ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ትወጣለች። በዚህ ብርድ።»

ጓደኛዬ በሩን ዘጋው። ግን ተከፍቷል ማለት አይደለም፤ እስከ ሪራ ድረስ ከማናችንም ጋር አላወራም። እኔም እውነቱን ለመናገር አዘንኩለት። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ፣ ይዞት የተመለሰው ቀይ ነጥብ ነው። ማንም «ዋው» የማይልለት ፎቶ።

ቢሆንም ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው በዚሁ በበጋው መግቢያና አጋማሽ ላይ ነው፤ እኛ ለሃይኪንግ በምንመርጠው ወቅት ማለት ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ ሌሎቹ ግልገሎቹን በማብላትና በመጠበቅ ያግዟታል። ጉድጓዷ ከተረበሸ ግልገሎቹን ታዛውራለች። 500 በማይሞላ ቁጥር ላይ የአንድ ዓመት ግልገሎች ቀላል ነገር አይደሉም።

ሌላም አለ። ቀበሮዎቹን በብዛት የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዌብ ሸለቆ ውስጥ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢው ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገድሏል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተመሳሳይ ወረርሽኞች ነበሩ። ለዚህ ነው ለአካባቢው ውሾች በየዓመቱ ክትባት የሚሰጠው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ስለዚህ ከመኪና መስኮት ብስኩት መወርወር ደግነት አይደለም። ምግብ የለመደ ቀበሮ መንገድ ዳር ይውላል፤ መንገድ ዳር ደግሞ መኪናም ውሻም አለ።

«ታዲያ ፎቶ አናንሳ?» የሚል ይኖራል። ኧረ አንሱ! ፎቶ ቁም ነገር የሠራበትን አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ የምርምር ቡድን ቀይ ቀበሮዎች የአበባ ማር ሲልሱ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። አበባው እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነ የደጋ አበባ ነው። ቀበሮዎቹ ሲልሱ አፍንጫቸው በአበባ ብናኝ ይሸፈናል፤ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላውም ይዘውት ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል። ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ እንደ ንብ አበባ ለአበባ ሲዞር! ዓለም ይህን በዓይኑ ያየው ከሩቅ ሆኖ በትዕግሥት በተነሳ ፎቶ ነው። የባሌ እረኛ ልጆች ግን አበባው ጣፋጭ መሆኑን ያውቁታል፤ እነሱም ይልሱታል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ነው። መኪና ውስጥ ሆናችሁ አንሱ፤ ቀበሮዎቹ ከሚራመድ ሰው ይልቅ የቆመ መኪና ያን ያህል አያስጨንቃቸውም። ከመንገድ አትውጡ፣ ጡሩምባ አትንፉ። እንስሳው ሥራውን ትቶ እናንተን ማየት ከጀመረ በቂ ተጠግታችኋል ማለት ነው። ፖስት ስታደርጉ «ሳነቴ» ማለት ይበቃል፤ የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉት፣ የጉድጓዱን ቦታ ለማንም አትንገሩ። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ እንኳ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ሲመዘገቡ ትክክለኛ ቦታቸውን ይደብቃል።

የሚንገዳገድ፣ አፉ የሚያዝረበርብ ወይም ሰው የማይፈራ ቀበሮ ካጋጠማችሁ ደግሞ ከመኪናው አትውረዱ። ከሩቅ ቪዲዮ አንሱ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያዙ፣ ወዲያው ለአስጎብኚያችሁ ወይም ለፓርኩ ሠራተኞች አሳዩ። ይህችን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ መጫን አያስፈልግም። በጊዜ ከደረሰች ግን ክትባቱን ይዞ የሚወጣው ቡድን ከየት መጀመር እንዳለበት ትነግረዋለች።