ብረት በሚያቀልጥ ጋዝ መካከል

በዘመናዊ የጄት ሞተር ውስጥ ከማቃጠያው ክፍል ወጥቶ ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፣ ይህ ጋዝ የሚያሽከረክራቸው ብሌድ የሚባሉት ክንፎች የተሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ግን 1,400 ዲግሪ ሳይሞላ መቅለጥ ይጀምራል። ክንፎቹ ሳይቀልጡ የሚቆዩት ከሞተሩ ኮምፕረሰር (አየር ከሚያምቀው ክፍል) የተወሰደ አየር በውስጣቸው ስለሚያልፍና፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች እየወጣ ገጻቸውን እንደ ነጠላ ስለሚሸፍን ነው። አየሩ ራሱ ሲታመቅ ስለሚግል ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ከጋዙ ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው።

ሽፋኑ የሚዘረጋው የወሰን ንጣፍ በሚባለው ስፍራ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 እንዳስረዳው፣ በጠጣር አካል ላይ የሚፈስ ጋዝ ገጹን በነካበት ቦታ ፍጥነት የለውም፤ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ግን በጣም አጭር በሆነ ርቀት ውስጥ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል። ፍሰቱ ነውጠኛ ሲሆን በዚህ ንጣፍ ውስጥ የሚፈጠሩት ትናንሽ አዙሪቶች ትኩሱን ጋዝ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ያደባልቃሉ፤ ሽፋኑም ከቀዳዳው በራቀ ቁጥር ይሳሳል።

አየሩን በብዛት መንፋት መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በኃይል የወጣ አየር ከገጹ ተነሥቶ ወደ ጋዙ ዘልቆ ስለሚገባ፣ ትኩሱ ጋዝ ከሥሩ ገብቶ ብረቱን ያገኘዋል። ተመራማሪዎቹ ጎልድስታይን፣ ኤከርትና በርግራፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት የቀዳዳው አፍ ወደ ጎን ሲሰፋ አየሩ ፍጥነቱ ቀንሶ ገጹን እንደያዘ እንደሚፈስ አሳይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ብልሃት የሚታየው በልኬቱ ላይ ነው። ሙቀት በብረቱ ውስጥ ስለሚሰራጭ የሽፋኑን ብቃት በሙቀት ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ምንም ነገር ሳያሞቁ፣ በአየሩ ፈንታ ናይትሮጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዳዳዎቹ እየነፉ፣ በገጹ ላይ የቀረውን የተነፋ ጋዝ መጠን ይለካሉ። ይህ የቁስ ሽግግር ዘዴ የሚሠራው አዙሪቶቹ ሙቀትንም ቁስንም በተቀራራቢ መጠን ስለሚያጓጉዙ ነው፤ ጋዝ ደግሞ በብረት ውስጥ አልፎ አይሰራጭም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ በእውነተኛው ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛው አየር ከትኩሱ ጋዝ የሚበልጥበትን እፍጋት በከፊል ይተካል። ከእሳቱ የሚመነጨው ጨረርና በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው ሙቀት ግን በዚህ ዘዴ ስለማይታዩ፣ ክንፉ በመጨረሻ በሚነድ ጋዝ ውስጥ መፈተኑ አይቀርም።