በእርጅና ዘመን ጡንቻን ስለ መጠበቅና ስለ ገንቢ ምግብ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በደሴ ከተማ፣ በሰኞ ገበያ፣ ከእህል ተራው አጠገብ አንድ አዛውንት ሽምብራቸውን ሸምተው በበርጩማ ላይ ዐረፍ ብለው አየሁ። ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በሦስተኛው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ተነሡ። ሸክማቸውን እያገዝሁ፣ «አባቴ፣ ሽሮ ይወዳሉ መሰለኝ» ብላቸው፣ «ሽሮውስ ለልጆቹ ነው፤ ለእኔ ለሽማግሌው እንጀራና ሻይ ይበቃኛል» አሉኝ።

ይህ አነጋገር የብዙ አባቶች አነጋገር ነው። ከፍቅርና ከትሕትና የመነጨ ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የዛሬው ንግግራችንም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

የሰው ጡንቻ እንደ ድንጋይ ግንብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም። ሌሊትና ቀን ይፈርሳል፤ ሌሊትና ቀንም ይታደሳል። ለማደሻ የሚያገለግለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እርሱ የሚበዛበትን ምግብ ገንቢ ምግብ እንለዋለን። በወጣትነት መፍረሱና መታደሱ ተመዛዝነው ይኖራሉ። ከ30 ዓመት በኋላ ግን ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ 60 ዓመት ካለፈ ወዲያ፣ ማለት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ፣ ጉድለቱ ይፋጠናል። ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ሁኔታ «ሳርኮፔኒያ» ብለው ሰይመውታል፤ በግሪክ ቋንቋ «የሥጋ ድህነት» እንደ ማለት ነው። እንደ ደሴ ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ፣ የጭንና የባት ጡንቻው የከዳው አባት ከቤቱ ደጃፍ ርቆ ለመሄድ ይቸገራል፤ አንድ ጊዜ የወደቀ እንደ ሆነም አጥንቱ ተሰብሮ አልጋ ላይ ሊውል ይችላል።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ወጣት በጥቂት ፕሮቲን የሚያድሰውን ጡንቻ፣ አዛውንት የሚያድሰው በበለጠ ፕሮቲን ነው። ለጐልማሳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 0.8 ግራም ይበቃል ይባላል፤ ስለ አረጋውያን ምግብ የመከሩ ሊቃውንት ግን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2013 ከ1 እስከ 1.2 ግራም እንዲሆን መክረዋል። እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሽማግሌ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ማለት ነው። የምግብ ፍላጎቱ ያነሰ ሰው የሚበላው ጥቂቱ ምግብ ይበልጥ ገንቢ ሊሆን ይገባዋል እንጂ፣ እንጀራና ሻይ ብቻ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ በወር ደመወዝ ወይም በጡረታ አበል ለሚኖር ቤተ ሰብ የማይቻል መስሎ እንዳይታያችሁ፤ እስቲ እንደምረው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም፣ 60 ግራም ምስር 14 ግራም፣ ለእንጀራ የሚሆን 200 ግራም የጤፍ ዱቄት 22 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። ድምሩ 66 ግራም ነው፤ ሥጋም አልገባበትም። በጾም ጊዜ የእንቁላሉንና የወተቱን ቦታ ከ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ወይም ባቄላ የተቀቀለ ንፍሮ ይሸፍነዋል። ደግሞም በጤፍ የሚያንሰውን ሽሮው ያሟላል፤ በሽሮ የሚያንሰውን ጤፉ ያሟላል። እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮ ጋር ማጣመራቸው ጣዕምን ብቻ ሳይሆን ጤናንም የጠበቀ ነበር።

ሆኖም ከጥራጥሬ ሁሉ ጓያ ጥንቃቄን ይሻል። በወሎ በደላንታና በዳውንት፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት፣ በድርቅ ምክንያት ጓያ ዋና ምግብ በሆነ ጊዜ የብዙ ሰዎች እግር ሽባ ሆኗል።

ገንቢውን ምግብ ለአንድ ማዕድ ከማከማቸት ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት ማከፋፈል ይሻላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በመጨረሻም ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ ጡንቻ ሥራ ይፈልጋል። በአሜሪካ አገር በቦስተን 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው ማንሣትን ቢለማመዱ፣ የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ማደጉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990 ተገልጿል። ለእኛ አባቶች ክብደት ማንሻ መሣሪያ ባይኖርም፣ ከወንበር እጅን ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ጥሩ መለማመጃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ግን ሰው አጠገብ ይቁም።

ስለዚህ፣ አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ ማዕድ ሲቀርብ የአባታችሁን ወገን ተመልከቱ። ሽሮው ለልጆቹ ብቻ ነው ቢሏችሁ፣ በአክብሮት አትስሟቸው፤ ጨምሩላቸው።