ራ፦ ከጣና ደንገል የተሠራችው ባለሸራ ጀልባ

ከውሃ ዳር ዕፅዋት ጀልባ የመሥራት ጥበብ በጣናም ሆነ ከአርሲ ደጋ የሚወርደው የቀታር ወንዝ በሚገባበት በዝዋይ ሐይቅ የቆየ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ እጅ የሚሠራው የጣና ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ አገዳው ውስጡ ለስላሳና አየር የቋጠረ ተክል ነው። ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በእስር በእስር ይጠፈራል፤ እስሮቹም ጎን ለጎን ተጣምረው ጀልባ ይሆናሉ፤ ጭነቱ እንዳይርስም በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረባል። የሚንሳፈፈው በደንገሉ ቅለት በመሆኑ ሞገድ ቢገባበትም በቀላሉ አይሰጥምም፤ ይሁን እንጂ አገዳው ቀስ በቀስ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ መልስ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ ይኖርበታል።

የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለመፈተን የተነሣው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል፣ በ1961 ዓ.ም. ደንገሉን ከጣና አስመጥቶ፣ ከቻድ በመጡ ጀልባ ሠሪዎች እጅ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን «ራ»ን አሠራ። የደንገል ጀልባ የሸራ ምሰሶ የሚተከልበት ጠንካራ የእንጨት አከርካሪ ስለሌላት፣ የራ ምሰሶ እግሮቹን በግራና በቀኝ አንፈራጥጦ በላይ የሚገናኝ ባለሁለት እግር ሆኖ ተሠራ፤ በእርሱ ላይ አራት ማዕዘን ሸራ ተሰቀለ፤ አቅጣጫዋም ከኋላዋ በተንጋደዱ ሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች ይመራ ነበር። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባዋ ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል፤ ጫፉ ለጌጥ ብቻ የተሠራ መስሎ በመታየቱ ግን ራ ያለዚህ ገመድ ቀረች።

ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሥታ ወደ ባርቤዶስ ደሴት ብትቃረብም፣ ቁልምሙ በገመዱ ተወጥሮ የኋላ ክፍሏን ደግፎ መያዝ ሲገባው ገመዱ ስላልነበረ ኋላዋ እየዘቀጠ፣ ማዕበሉም እስሮቹን እየፈታ ስለሄደ መርከበኞቹ ሊተዋት ተገደዱ። ከዚህ በተገኘው ትምህርት፣ ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች 12 ሜትር የምትረዝመው «ራ 2» ተሠራች፤ ሁለት ትላልቅ የደንገል እስሮች በመካከላቸው ካለ ቀጭን እስር ጋር በገመድ አጥብቀው የታሰሩባት ይህች ጀልባ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች።

ይህ ጉዞ ግብፃውያን አትላንቲክን ለመሻገራቸው ማስረጃ አይሆንም፤ መሻገር ይቻል እንደነበር ብቻ ያሳያል። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ግን ከዚህ የላቀ ቁም ነገር ይዟል፤ የጣና ደንገል በትክክል ከተጠፈረ ውቅያኖስን የሚቋቋም የጀልባ ቁስ መሆኑ በተግባር ስለተፈተነ፣ የታንኳ ሠሪዎች እውቀትም በጀልባ ንድፍ ታሪክ ውስጥ ተገቢ ቦታ ሊሰጠውና ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ በጥንቃቄ ሊመዘገብ ይገባዋል።