ፓስዎርዱ ትክክል ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አያስገባም፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ፓስዎርዳችሁን በደንብ ታውቁታላችሁ። ትናንት ማታም በእሱው ገብታችኋል። ዛሬ ግን ኮምፒውተሩ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ብሎ ደጅ ላይ አስቀራችሁ። ደግማችሁ ጻፋችሁ፤ ያው ነው። ቁልፎቹን ጠንከር አድርጋችሁ ሞከራችሁ፤ አሁንም እምቢ አለ። ይሄኔ ከቤት ሰው አንዱ «በቃ ወስዳችሁ ፎርማት አስደርጉት» ይላል።

ፎርማት ማድረግ ማለት በሩ አልከፈት ስላለ ቤቱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ማለት ነው። መግባቱን ትገባላችሁ፤ ዕቃው ግን የለም። የ12ኛ ክፍል ማስታወሻ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የሱቁ የዱቤ መዝገብ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ችግሩ ይህን ያህል ዋጋ የሚያስከፍል አይደለም። እስቲ በሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ያኔ የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደሆነ ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

ኮምፒውተሩ ፓስዎርዳችሁን አያውቀውም

ይህ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። በደንብ የተሠራ ሲስተም ፓስዎርዳችሁን እንዳለ አያስቀምጥም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ብዙ ሰዎች አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ይጋሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፓስዎርድ ተሰጠው፤ ፓስዎርዶቹም በአንድ ፋይል ውስጥ በግልጽ ተቀመጡ። በ1966 በአንድ የሶፍትዌር ስህተት ያ ፋይል ከዕለቱ የሰላምታ መልእክት ጋር ተቀያየረ። ከዚያ በኋላ ወደ ሲስተሙ የገባ ሰው ሁሉ የሌላውን ሁሉ ፓስዎርድ ስክሪኑ ላይ አነበበ!

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እነ ሮጀር ኒድሃም የተሻለ መላ አመጡ፦ ፓስዎርዱን ሳይሆን የተፈጨውን ማስቀመጥ። ወፍጮ ቤት አስቡ። ማሽላ ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱን ይዛችሁ ማሽላውን መልሱ ብትባሉ አትችሉም። የኮምፒውተሩ ወፍጮ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው፦ ያንኑ ፓስዎርድ ሁልጊዜ ወደ አንድ ዓይነት ውጤት ይፈጨዋል፤ አንድ ፊደል ከተለወጠ ግን ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ይህ ውጤት «ሃሽ» ይባላል።

ስለዚህ ስትገቡ ኮምፒውተሩ አሁን የጻፋችሁትን ይፈጭና ቀድሞ ካስቀመጠው ጋር ያስተያያል። ለእሱ «ትንሽ ነው የተሳሳተው» የሚባል ነገር የለም። አንድ ፊደል ብትሳሳቱም አሥር ብትሳሳቱም መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም። የመጀመሪያው ጥያቄያችንም ከዚህ ይመነጫል። በእርግጥ ወፍጮው ውስጥ የገባው እናንተ የጻፋችሁት ነው?

ጣት የነካውና ማሽኑ ያነበበው

ለኮምፒውተር ፊደል ማለት ቁጥር ነው። «ከሚሴ» ብላችሁ በአማርኛ ስትጽፉ በዩኒኮድ የሚመዘገበው 4776፣ 4634፣ 4660 ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ፊደላትም ለእሱ የተለያዩ ናቸው፦ «ሀ» 4608 ነው፤ «ሐ» 4624 ነው። የአካውንት ስማችሁን «ሐሰን» ብላችሁ ከፍታችሁ «ሀሰን» ብትሉ ሌላ ሰው ናችሁ።

ከሚሴና አካባቢው ላይ ይህ ነገር ይበረታል፤ ምክንያቱም እዚህ ሰው በአማርኛም በኦሮምኛም ይጽፋል። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ሲጻፍ የራሱ ሕግ አለው፦ የ«ጠ» ድምፅ የሚጻፈው «ኤክስ» በሚባለው ፊደል ነው፤ ረዘም ብሎ የሚነበብ አናባቢም ይደገማል። ስለዚህ ፋጡማ የምትባል ተማሪ ስሟን በእንግሊዝኛ ልማድ በ«ቲ»፣ በቁቤ ደግሞ በ«ኤክስ» ልትጽፈው ትችላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚቀበለው አካውንቱ ሲከፈት የተመዘገበውን ብቻ ነው።

ሌላው የኪቦርዱ ቋንቋ ነው። ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ በብዙ ቤት አለ። የአረብኛ ኪቦርድ አብሮት ሊኖር ይችላል። መግቢያው ገጽ ላይ አረብኛው ተመርጦ ከቆየ፣ እናንተ የላቲን ፊደል እየነካችሁ ማሽኑ የአረብኛ ፊደል ይቀበላል። የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። የአሜሪካና የእንግሊዝ ኪቦርድ እንኳ ይለያያሉ፦ ሺፍት ይዛችሁ 2 ቁጥርን ስትነኩ በአሜሪካው @ ይወጣል፤ በእንግሊዙ ግን የትምህርተ ጥቅስ ምልክት ነው የሚወጣው።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. በመግቢያው ገጽ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ የኪቦርዱ ቋንቋ በአጭሩ ተጽፎ ይታያል። እሱን ነክታችሁ፣ ወይም የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ ስፔስን በመጫን ቀይሩት።
2. ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ እዩ። በትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ነም ሎክ ከበራ «ጄ»፣ «ኬ»፣ «ኤል» እና ሌሎች ጥቂት ቁልፎች ቁጥር ይጽፋሉ።
3. ፓስዎርዱን ስትጽፉ በሳጥኑ ጫፍ የዓይን ምልክት ይመጣል። አጠገባችሁ ሰው አለመኖሩን አይታችሁ ተጫኑት፤ የጻፋችሁት በግልጽ ይታያል።
4. አንድ ቁልፍ አልሠራ ካለ (አቧራ ገብቶበት ይሆናል) እዚያው ገጽ ላይ ካለው የተደራሽነት ምልክት የስክሪን ኪቦርድ ክፈቱና በማውስ ጻፉ።

ዝም ብሎ መደጋገም ግን ይቅር። በአዳዲስ የዊንዶውስ 11 ተከላዎች ላይ 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ አካውንቱ ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል። በዚያ መሐል ትክክለኛውን ብትጽፉም አይከፍትም፤ እናንተ ግን «ይሄም አይደለም ማለት ነው» ብላችሁ እውነተኛውን ፓስዎርድ ትጥሉታላችሁ።

ሦስት ቁልፎች፣ አንድ በር

በቤት ኮምፒውተር ላይ ሦስት ዓይነት መግቢያ አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። አንደኛው እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ያለ የቤት አካውንት ነው። ሁለተኛው በኢሜይል የሚከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። ሦስተኛው ፒን ነው፤ ፒን የዚያ ማሽን ብቻ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ባለ 4 አኃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ብቻ ነው ያለው፤ የሚጠብቀው በማሽኑ ውስጥ ያለው የደኅንነት ክፍል ሙከራን ስለሚገድብ ነው።

ልዩነቱ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው። የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ፓስዎርድ አዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ ቀየራችሁ እንበል። ከሚሴ ቤት ያለው ኮምፒውተር ግን ኢንተርኔት አላገኘም፤ ስለዚህ መቀየሩን አልሰማም። እሱ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ እሱው ላይ የሠራውን አሮጌውን ፓስዎርድ ነው። ይህ ተራ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በብዙ አካባቢ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኢንተርኔት ከሌለ አሮጌውን ሞክሩ፤ ካለ ደግሞ መግቢያው ገጽ ላይ ባለው የኔትወርክ ምልክት ከዋይፋይ ወይም ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙትና አዲሱን ጻፉ።

የቤት አካውንት ከሆነ ግን ኢንተርኔት ምንም አይፈይድም። አንድ ጊዜ ስትሳሳቱ ከሳጥኑ ሥር ፓስዎርድ የመቀየሪያ ጽሑፍ ይመጣል፤ አካውንቱ ሲከፈት የመለሳችኋቸውን የደኅንነት ጥያቄዎች ይጠይቃችኋል። ወይም በዚያው ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪ አካውንት ያለው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ሊቀይርላችሁ ይችላል።

ስንት ሰዓት ነው?

ኮምፒውተሩ ያስገባችኋል፤ ኢሜይሉ ወይም የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ግን እምቢ ይላል። ይሄኔ ሰዓቱን እዩ።

አንዳንድ አካውንቶች ከፓስዎርዱ ሌላ በስልክ ላይ የሚመጣ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ይጠይቃሉ። ያ ኮድ የሚሰላው ከአንድ ምሥጢራዊ ቁጥርና ከሰዓቱ ነው፤ በየ30 ሴኮንዱም ይለወጣል። ስልኩና ድርጅቱ አንድ ዓይነት ኮድ የሚያገኙት ሰዓታቸው ከተስማማ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለውን ስልኩ 8 ሰዓት ይለዋል። አንድ ሰው «ሰዓቱ ተሳስቷል» ብሎ ራሱ ወደ 2 ቢመልሰው ስልኩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው፦ 720 ኮድ! ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ካስገባ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ድረ ገጾቹም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ማለት ይጀምራሉ። የድረ ገጾች የማንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ማሽናችሁ «ይሄ ገና አልተጀመረም» ይላል።

በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይህ ያለ ማንም ጥፋት ይመጣል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል። ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች፤ መቀየሯም ቀላል ነው።

ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ማየት ከፈለጋችሁስ? አንድ መላ አለ። ሰዓቱን አትንኩ፤ የሰዓት ክልሉን ከናይሮቢ ወደ ቦነስ አይረስ ቀይሩ። አርጀንቲና ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ 2 ሰዓት ይታያችኋል። የማሽኑ የውስጥ ሰዓት ግን ትክክለኛ ሆኖ ስለሚቆይ ኮዱ ይሠራል። ቀኑ ግን በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው የሚለወጠው።

ገባችሁ፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው

አንዳንዴ ፓስዎርዱ ይቀበላል፤ ዴስክቶፑ ግን ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ወይም ፕሮፋይሉን መክፈት አልተቻለም ይላል። ይህ የፓስዎርድ ችግር አይደለም። እየሠራችሁ ሳለ ድንገት መብራት ሲሄድ፣ የእናንተን ምርጫዎች የሚይዘው ፋይል በግማሽ ተጽፎ ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስም ለጊዜው ባዶ ክፍል ያዘጋጅላችኋል። አትደንግጡ። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ«ሲ» ድራይቭ ውስጥ፣ «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር፣ በስማችሁ ሥር አሉ። መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ፤ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም እዩ። በጊዜያዊው ክፍል ግን አዲስ ነገር አታስቀምጡ፤ ስትወጡ ይጠፋል።

ሁሉም እምቢ ካለ

ያኔም ከፎርማት በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ ዲስኩ የተመሰጠረ ነው? የመግቢያ ፓስዎርድ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ዲስኩን ፈታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ብታገናኙት፣ ወይም ማሽኑን ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ ብታስነሱት ዘበኛው የለም፤ ፋይላችሁን መገልበጥ ትችላላችሁ። ወደ ጥገና ሱቅ ከሄዳችሁም «ፎርማት አድርጉልኝ» ሳይሆን «መጀመሪያ ፋይሌን ገልብጡልኝ» በሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እናንተ የምትችሉትን የሰረቀው ሰውም ይችላል።

ምስጠራ ግን የተቆለፈ ሣጥን ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር የተባለው ምስጠራ ሳታውቁት ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። እሱ ከጠፋ የትኛውም ባለሙያ፣ ማይክሮሶፍት ራሱም፣ ሊከፍትላችሁ አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ኮምፒውተሩ እየከፈተ ሳለ ያን ቁጥር ፈልጋችሁ በወረቀት ጻፉት። የልደት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ከሚቀመጥበት ቦታ አድርጉት። ዋና ዋና ፋይሎቻችሁንም በፍላሽ ገልብጡ።

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ከአሁን በኋላ ብዙ ነገር የሚጀምረው በዚያች ስምና ፓስዎርድ በሚጻፍባት ሳጥን ነው። እምቢ ስትላችሁ ስለ እናንተ ምንም የምታውቀው ነገር የለም፤ ቁጥር ከቁጥር አልገጠመላትም፣ ያ ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር እንዳልገጠመ ተረጋግታችሁ ፈልጉ፦ ፊደሉ ነው፣ አካውንቱ ነው፣ ወይስ ሰዓቱ?