የእንዶዱ ሰው ፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይጀመር፣ የሳይንቲስቶችን ፎቶ በካርቶን ላይ ለጥፌ ወደ ክፍል እገባለሁ። ስም አልጽፍባቸውም። ተማሪዎቼ ወረቀት አውጥተው ማን እንደሆነ ይጽፋሉ።

አንስታይንን የሚስት የለም። ምላሱን ያወጣበት ፎቶ ገና ከቦርሳዬ ብቅ ሲል ክፍሉ ይንጫጫል። እ.ኤ.አ. በ1951፣ 72ኛ ልደቱን ባከበረበት ቀን የተነሣው ፎቶ ነው። አንድ ዓመት ግን ሌላ ፎቶውን መርጬ፣ ፀጉሩን በወረቀት ሸፍኜ አመጣሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። «አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ» ብለው የጻፉ ነበሩ። ለካ የሚያውቁት ፀጉሩን ኖሯል! ፊትን የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚሉትም ከዚህ አይርቅም፤ በደንብ የለመድነውን ሰው በዋናነት በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በአፉ እንለየዋለን፤ ያልለመድነው ሲሆን ግን ፀጉሩንና የፊቱን ዙሪያ እንይዛለን። የፊዚክስ ሊቁን ሆኪንግንም ተማሪዎቼ የሚለዩት በተሽከርካሪ ወንበሩ ነው።

ቀጥሎ ባዶ ካርቶን አሳያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ «ሴል» የሚለውን ስም ያወጣው የሮበርት ሁክ ነው። በዘመኑ የተሣለ፣ የእሱ መሆኑ የተረጋገጠ ምስል እስካሁን አልተገኘም። ዓመቱን ሙሉ ስሙን ላወጣለት ነገር የምንደክም ሰዎች ፊቱን አናውቀውም።

የመጨረሻው ፎቶ የአገራችን ሰው ነው። አንዱ ሚኒስትር፣ ሌላው ዘፋኝ ይላቸዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ይህ በየዓመቱ ያንገበግበኛል። እንዶድን የማያውቅ ተማሪ የለኝም። ጣና ዳር ላደገ ልጅ ቢልሃርዝያም እንግዳ አይደለም። ሁለቱን ያገናኙት ሰው ናቸው ሳይታወቁ የቀሩት። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ መራባት አለበት፤ ከዚያ ወጥቶ ነው ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ የሚበሳው። ለነጠላችን አረፋ የሚሰጠው የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን ይገድለዋል። ዶክተር አክሊሉ ይህን በቤተ ሙከራ አረጋገጡ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደከሙበት። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የአገራችንን ዘር ከመጥፋት ለማዳን የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደም የተሸለሙት በዚያው ዓመት ነው። የእሳቸውንም ፎቶ ዘንድሮ ጨምሬያለሁ።

አምና ይህን ተርኬ ስጨርስ አንድ ልጅ ደወሉ ተደውሎም አልወጣም። ቢልሃርዝያ ታሞ ኪኒን ውጦ እንደዳነ ነገረኝ፤ አያቱ ዛሬም ጋቢያቸውን የሚያጥቡት በእንዶድ ነው።

«ቲቸር፣ ፎቶውን እንደገና ልየው?»

ሰጠሁት። ካርቶኑን ይዞ ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ሄደ።