ለጀማሪ ጆሮ የትኛው ክላሲካል ይመረጣል?

ከሥራ ሲመለሱ መንገድዎ ላይ ካለ ሙዚቃ ቤት ጎራ ብለው «እስቲ በዚህ ፍላሽ ክላሲካል ጫንልኝ» ቢሉ፣ ልጁ ደስ ብሎት ይጭንልዎታል። ቤትዎ ደርሰው ሲከፍቱት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት፣ የምናውቃቸው ዘፈኖች ያለ ግጥም በሳክስፎን፣ በኪቦርድ ወይም በማሲንቆ ሲጫወቱ ነው። ልጁ አላታለለዎትም። በእኛ አነጋገር ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» መባል ከጀመረ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ሙዚቃ የራሱ ጣዕም አለው፤ ለቡና ሰዓትም ይስማማል። ዛሬ ልናጫውትዎ የፈለግነው ግን ስለ ሌላው ነው፤ ይኸውም ደራሲው ድምፁን በኖታ ጽፎ ስላኖረው፣ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሌሎች እያነበቡ ስለሚጫወቱት ሙዚቃ ነው።

ብዙ እናቶች ወደዚህ ሙዚቃ የሚመጡት ለልጅ ብለው መሆኑ የታወቀ ነው። «ሞዛርት የሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል» የሚለው ወሬ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ እኛም ሰፈር ደርሷል። ለመሆኑ መነሻው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን ለ10 ደቂቃ ያህል የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ አሰሟቸው። ከዚያም ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳብ እንዲገምቱ የሚጠይቅ ዓይነት ፈተና ሰጧቸው። ውጤታቸው ከፍ አለ፤ ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በላይ አልቆየም። በጥናቱ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም። ወሬው ግን ክንፍ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ለአራስ ሕፃናት ሁሉ ክላሲካል ሙዚቃ እንዲታደል 105,000 ዶላር እስከ መጠየቅ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ወደ 40 የሚጠጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ሞዛርት ለብቻው የተለየ ብልህነት እንደማይሰጥ ታየ።

ስለዚህ «ለሕፃናት አእምሮ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ቅጂ ገንዘብዎንም የኢንተርኔት ጥቅልዎንም አያባክኑ። ልጅዎን እሹሩሩ ይበሉት፤ የእርስዎን ድምፅ ያውቀዋል። ክላሲካሉን ግን ለራስዎ ይምረጡ። ቀኑን ሙሉ ለልጅ፣ ለባልና ለአለቃ ሲሮጡ የዋሉ ሰው፣ ማንም ምንም የማይጠይቅዎት ግማሽ ሰዓት ቢኖርዎት ምን ይሰሙበታል? ይህ ጥያቄ ቅንጦት አይደለም።

በበኩላችን ለጀማሪ የምናስቀድመው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ መማር የጀመሩት እዚያው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ወደምትባለው ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በወጣትነታቸው ግን ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡና መነኰሱ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ሲታተም ገቢውን ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። ዓለም በስፋት ያወቃቸው ግን «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም 21ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2006 በስማቸው ሲወጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈዋል።

በዚሁ ቅጽ ካሉት 16 ሥራዎች ውስጥ ሁለቱን ብቻ ይያዙ፦ ስለ ቤት የለሽ ተንከራታች የደረሱትንና ስለ እናት ፍቅር የደረሱትን። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ዳንስ በዝግታ ይራመዳል፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ እንደ በገና ደርዳሪ ጣት አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይዘገያል። ጆሮዎ እንግዳነት አይሰማውም። ቀጥለው የግርማ ይፍራሸዋን «ፍቅርና ሰላም» ቢሰሙ ጥሩ ነው። ፒያኒስቱ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በቡልጋሪያ፣ በሶፊያ ከተማ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ቅጂ አምስት ሥራዎች ብቻ ያሉት ሲሆን አንዱ አምባሰል ነው፤ ሌላው ስለ ዋሽንት ነፊው እረኛ ነው።

ታዲያ ከዚህ ወደ አውሮፓውያኑ መሻገር የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ምክንያቱም ፒያኖ ላይ ያሉትን ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ በተርታ ቢነኩ የሚወጣው አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው፤ ሜጀር የምንለው የትዝታ ቅኝትም የተዋቀረው በእነዚሁ የድምፅ ርቀቶች ነው። ፖላንዳዊው ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1830 ቀኝ እጅ ከአንዲት ድምፅ በቀር ጥቁሮቹን ብቻ የሚጫወትበት ልምምድ ጽፏል፤ ኦፐስ 10 ቁጥር 5 ይባላል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የቼኩ ተወላጅ ድቮርዣክም እ.ኤ.አ. በ1893 ኒውዮርክ ተቀምጦ የጻፈው ዘጠነኛው ሲምፎኒ፣ ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር የሚሰማው ዜማ በአምስት ድምፅ የታነጸ ነው። አንድ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን ሲያንጎራጉር ሲሰሙ ቤትዎ የሚያውቁትን ሰው ናፍቆት ይመስልዎታል።

እንግዲህ ወደ ቅጂው ምርጫ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «የሚያዝናና ሞዛርት» ወይም «ምርጥ 100 ክላሲክ» የሚል ነገር ሲያዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። በእንዲህ ያለው ጥራዝ ውስጥ ሥራዎቹ ከመካከል ተቆርጠው ይገባሉ፤ የተጫዋቹም ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ጥሩ ቅጂ የደራሲውን ስም፣ የሥራውን ቁጥርና የተጫዋቹን ወይም የኦርኬስትራውን ስም ይናገራል። የተጫዋቹ ስም ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ካናዳዊው ግሌን ጉልድ ጎልድበርግ የተባለውን የባህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቀዳው 38 ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ እ.ኤ.አ. በ1981 እንደገና ሲቀዳው ግን 51 ደቂቃ ሆነ። ኖታው ያው፣ ሰውየውም ያው! የተለያየ ሰው ሲጫወተውማ አስቡት።

ይህንኑ በራስዎ ጆሮ ለመፈተን የሾፓንን ኖክተርን ኦፐስ 9 ቁጥር 2 ይውሰዱ። አንዱን ቅጂ አርቱር ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ከተጫወቱት፣ ሌላውን ማሪያ ጆዋዎ ፒሬሽ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከቀዱት ያስጭኑ። ስሞቹን በላቲን ፊደል አስጽፈው ቢይዙ ፍለጋው ይቀላል። ሁለቱን አከታትለው ይስሙና የወደዱትን አስቀርተው ሌላውን ያጥፉ። ለምን እንደ ወደዱት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። በጣም የድሮ ቅጂዎች ውስጥ የሸክላው ሽሽታ ስላለ ለጊዜው ይቆዩ፤ ጆሮዎ ከለመደ በኋላ ይደርሱባቸዋል። ፍላሹንም በ400 ፋይል አይሙሉት። አምስት ሥራ ለአንድ ወር ይበቃል፤ ሦስት ጊዜ ሳይሰሙም በአንዱ ላይ አይፍረዱ።

ይህ ሙዚቃ ከዘፈን የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ በጣም ዝቅ ይላል፣ በድንገት ደግሞ ይጮኻል። ስለዚህ ባጃጅ ውስጥ አይሰማም። ድምፁ ሲያንስ እስከ ጥግ ከፍ ካደረጉት በኋላ ሲመጣ ጆሮዎን ይጎዳል። በስልኩ የራሱ ድምፅ ማውጫ ቢሰሙት ደግሞ የግራ እጁ ጠፍቶ ግማሽ ሙዚቃ ይቀርብዎታል፤ ተራ ኢርፎን እንኳ ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩና አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይታችሁ የምትኖሩ እኅቶቻችንም በኢርፎኑ ትጠቀማላችሁ፤ ከሺፍት የመጣችው ትተኛለች፣ ያልተኛችው ትሰማለች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ተስፋ ቁረጡ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ሰው ሳይበዛ የሚገኘው ጸጥታ ግን በነፃ ነው።

«ረዥም ነው፣ ይሰለቻል» የሚሉ አሉ። በፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላው ሲደምቅ ሰዓት የሚቆጥር ማን አለ? አጭሩን ለምዶ ወደ ረዥሙ መሄድ ነው። የድቮርዣክን ሲምፎኒ ሁለተኛውን ክፍል ከወደዱት፣ አንድ እሑድ አራቱንም ክፍሎች ከመጀመሪያው ይክፈቱ። ከ40 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እስኪበስል ማለት ነው። ማማሰልዎን ግን አይርሱ።