የ40 ዶላር ጫማ በ640 ዶላር ሲሸጥ

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ አንድ ጫማ ውድ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በቆዳው? በስፌቱ? ወይስ በተቀመጠበት መደርደሪያ?

እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ላይ በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ «ፓሌሲ» የሚባል የጫማ ሱቅ ተከፈተ። ቤቱ ቀድሞ የአርማኒ ሱቅ ነበር። ለመክፈቻው ድግስ የተጠሩት በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ፋሽን የሚያወሩ ታዋቂ ሰዎች ናቸው። ጫማዎቹን እያገላበጡ አደነቁ፣ ገዙም። አንዳንዱ ጥንድ እስከ 640 ዶላር ተከፈለበት፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 3,000 ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ ተካሄደ።

ግን ፓሌሲ የሚባል ድርጅት የለም! ጫማዎቹ በርካሽነቱ የሚታወቀው የፔይለስ ናቸው፤ በሌላ ቀን ዋጋቸው ከ20 እስከ 40 ዶላር ነበር። ገዢዎቹ እውነቱ ሲነገራቸው ደነገጡ። ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፣ ጫማውንም ውሰዱት ተባሉ። ድንጋጤያቸው ግን ተቀርጾ ማስታወቂያ ሆነ። ኩባንያው የፈለገውም ይኼንኑ እንጂ 3,000 ዶላሩን አልነበረም።

እንዲህ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ የሚዘጋ ሱቅ «ፖፕ አፕ» ይባላል። የበዓል ሰሞን ባዛርም እኮ ጊዜያዊ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን ባዛር የሚከፈተው ዕቃ ለመሸጥ ነው። የፖፕ አፕ ዋና ሸቀጥ ወሬ ነው።

ታዲያ ለምን ይሠራል? አንዱ ምክንያት «ሊያመልጠኝ ነው» የሚለው ስሜት ነው። በ1975 ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ተሳታፊዎች 10 ብስኩት ካለበት ማሰሮ፣ ለሌሎቹ ደግሞ 2 ብቻ ካለበት አቀረቡላቸው። ብስኩቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከ2ቱ የወሰዱት ይበልጥ ተፈላጊና ውድ ነው አሉ። የሚገርመው፣ ይበልጥ ይጣፍጣል ግን አላሉም።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋው ራሱ ነው። በ2008 በታተመ ጥናት ሰዎች ኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሆነው ወይን ቀመሱ። ያው አንዱ ወይን «10 ዶላር ነው» ሲባሉ እና «90 ዶላር ነው» ሲባሉ የሰጡት ነጥብ ተለያየ፤ ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍልም ውድ በተባለው ጊዜ ይበልጥ ንቁ ሆነ። ማለትም ሰዎቹ እየዋሹ አልነበረም፤ በእርግጥ ጣፍጧቸዋል።

የፓሌሲን ድግስ ግን እንደ ሳይንሳዊ ሙከራ እንዳትቆጥሩት። ንጽጽር የሚሆን ሌላ ቡድን አልነበረም፤ ካሜራ ፊት የቆመ ተጋባዥ «ይኼ ጫማ ርካሽ ይመስላል» ለማለት ይከብደዋል፤ የትኛው አስተያየት እንደሚታይ የመረጡትም ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ናቸው።

ቪዲዮው በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆነ። በየካቲት 2019 ግን ፔይለስ ኪሳራ አውጆ በአሜሪካ ያሉትን ወደ 2,100 የሚጠጉ ሱቆቹን መዝጋት ጀመረ። በ2017ም አንዴ ኪሳራ አውጆ ነበር። ያደከመው ዕዳና የኢንተርኔት ገበያ ፉክክር ነው፤ ጊዜያዊ ሱቅ ደግሞ ሁለቱንም አይነካቸውም።